የኋላ ጎማ ላይ የታሰረው ሰንሰለት

ባለፈው እሁድ የእህቴ ልጅ ሮቤል አዲስ የገዛትን መኪና ሊያሳየን ከሜልቦርን ዳር ዋይንድሃም ቬል ያለው ቤቱ ድረስ ጠራን። መኪናዋ ቁመቷ ሚኒባስ ያህላል። ጎማዎቿ ትልልቅ ናቸው፤ ጣራዋ ላይ የዕቃ መጫኛ ብረት አላት፤ በሮቿ ሥር ደግሞ ጫካ ልትገባ እንደተዘጋጀች ሁሉ ጥቁር ፕላስቲክ ተለብጦባታል። ከቤት እስከ ባቡር ጣቢያ ነው የምትሄደው፤ ሌላ የት ልትሄድ? እንግዳው ሁሉ "እንኳን ደስ አለህ፣ በሰላም ንዳት" ይላል። እኔም አልኩ። ከዚያ ጠጋ ብዬ "የሚጎትታት የትኛው ጎማ ነው?" ብዬ ጠየቅኩት።

ሮቤል ግራ ገብቶት አየኝ። "ኧረ እኔ እንጃ ጋሼ ደረጀ። ብሉቱዝ ግን አላት።"

ሰዉ ሳቀ። እኔ ግን ሳህኔን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ሮቤል ገና ሳይወለድ፣ ይኸው ጥያቄ ተራራ ላይ ቀርቦልኝ ነበር። መልሱን እያወቅኩ "አላወቅኩም" አልኩ።

ነገሩ የሚጀምረው ከጋሼ ዘውዴ ነው። ነፍሳቸውን ይማርና፣ እኔ ይቅር ብያቸዋለሁ ብል ውሸት ነው። ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ኖርዝ ሜልቦርን የመንግሥት ፎቅ ውስጥ እኖራለሁ፣ ዶሮ ፋብሪካ ሺፍት እገባለሁ። ጋሼ ዘውዴ ከእኔ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብለው ነበር የሚኖሩት። አገር ቤት ሠላሳ ዓመት ባለ ተሳቢ የጭነት መኪና ከአሰብ አዲስ አበባ የነዱ ሰው ናቸው። ይህን የማያውቅ ሰው ሕንጻው ውስጥ አልነበረም፤ ሊፍት ውስጥ አንዴ አብሯቸው የወረደ ቬትናማዊ ሳይቀር ያውቃል። ጣርማ በርን በጭጋግ እንዴት እንደወጡ፣ ፍሬን እምቢ ሲላቸው እንዴት በማርሽ እንዳቆሙ፣ እንዴት፣ እንዴት! አንድ ሰው እድሜ ልኩን አንድ መንገድ ነድቶ ዓለምን በሙሉ የነዳ ሲመስለው እንደሳቸው ያለ አላየሁም።

እኚህ ሰው ከጃፓን የመጣች ያገለገለች መኪና ገዙ። ከፍ ያለች፣ ትርፍ ጎማዋን የኋላ በር ላይ ያዘለች፣ ፊቷ ላይ ብረት የታጠረላት። "ፎር ዊል ናት" አሉ። ሕንጻው ተሰልፎ አደነቀ። አንድ ቀን ዘይቷን ስቀይርላቸው ከሥሯ ተኝቼ አየሁ። ወደ ኋላ ጎማ ኃይል የሚያደርስ ዘንግ የሚባል ነገር የላትም። የሚጎትተው የፊት ጎማ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው። ወጥቼ ነገርኳቸው።

"ጋሼ፣ ይቺ እኮ ፎር ዊል አይደለችም።"

"ማን አለ?"

"አየሁት። ዘንግ የላትም፤ ፊቷ ብቻ ነው የሚሠራው።"

"አንተ ልጅ" አሉ የዘይት ጨርቁን ከእጄ እየነጠቁ፣ "አንተ ሳትወለድ ስንት መኪና ፈትቼ የገጠምኩ ሰው ነኝ። ሻጩ ፎር ዊል ነው ብሎኛል፤ አለቀ።"

"እሺ ጋሼ" አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ናቅኳቸው። ንቀቴ ግን ሆዴ ውስጥ ነው የተቀመጠው፤ አፌ "ጋሼ፣ ጋሼ" ማለቱን አልተወም።

በዚያው ሰሞን ሰናይትን ላገባ ነበር። ሰናይት ነርሲንግ የምትማር፣ ዌስት ፉትስክሬይ ከአክስቷ ጋር የምትኖር ልጅ ናት። ስትስቅ አፏን በእጇ አትሸፍንም፤ ገና ሳያት የወደድኩት ያንን ነው። አባቷ አቶ መንገሻ ክረምት ክረምቱን ከከተማ አራት ሰዓት ያህል በሚያስኬድ ተራራ ላይ ይሠሩ ነበር፤ ፈረንጆቹ በረዶ ላይ ሊንሸራተቱ የሚወጡበት መንደር ነው። አገር ቤት የመንገድ ሥራ ዶዘር ኦፕሬተር የነበሩ ሰው፣ እዚህ ደግሞ የበረዶ መጥረጊያ መኪና ይነዳሉ። ፐርዝ ያለ አንድ አካውንታንትም ሽማግሌ ሊልክባቸው ደጅ እየጠና ነው።

"እኔ የምፈልገው አንተን ነው" አለችኝ ሰናይት፣ "ያለ አባቴ ምርቃት ግን አላገባም። ያንተን ሽማግሌዎች ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ቀጥሯቸዋል። የሱን ነገር ታውቃለህ፤ ቀጠሮ ያፈረሰን ሰው ሁለተኛ አያየውም። ያን ጊዜ የፐርዙን እሺ ማለቱ ነው።"

ሽማግሌ ሲመረጥ ዕድሜው ይታያል፣ ግርማው ይታያል። እኔም ሦስት ሰው ለመንኩ፦ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ የሆኑትን አቶ በላይን፣ የወሎውን ልብስ ሰፊ ጎረቤታችንን ሐጂ ሰይድን፣ እና ጋሼ ዘውዴን። ጋሼን የለመንኳቸው መኪና ስላላቸው ነው፤ ልዋሽ አልፈልግም። አግቢ ከሽማግሌዎቹ ጋር አይሄድም፤ ነውር ነው። ነገር ግን ከሦስቱ አንዳቸውም የመንገዱን ምልክት በእንግሊዝኛ አያነቡም። ስለዚህ ከተራራው ሥር ያለችው ከተማ ድረስ መንገድ እየመራሁ ልሄድ፣ እዚያ ዳቦ ቤት ቁጭ ብዬ ልጠብቃቸው ተስማማን።

ሐምሌ ነው። ሐምሌ እዚህም ክረምት መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሲነጋጋ ተነሳን። ሐጂ ሰይድ ሚስታቸው ያዘጋጁትን ጭኮ በላስቲክ ዕቃ ይዘዋል፤ ቅቤውና በሶው መኪናዋን አወዳት። አቶ በላይ ከኋላ አንቀላፉ። ጋሼ ዘውዴ መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ስለ አሰብ መንገድ ሲያወሩ እኔ ሜዳውን አያለሁ፤ ጭጋግ፣ በግ፣ አጥር፣ ደግሞ በግ። ደስ ብሎኝ ነበር። ያን ያህል ደስ ብሎኝ የሄድኩበት መንገድ ከዚያ ወዲህ የለም።

ከተራራው ሥር፣ በረዶ እንዳያንሸራትት ጎማ ላይ የሚታሰር ሰንሰለት የሚያከራይ ሱቅ ገባን፤ ያለ ሰንሰለት ወደ ላይ አያሳልፉም። አከራዩ ቀይ ጢም ያለው ወጣት መኪናዋን አንዴ ጎንበስ ብሎ አያትና የፊቱን ጎማ በእጁ መታ መታ አደረገ። "እዚህ ላይ። የኋላው ላይ እንዳታስሩ፤ አደገኛ ነው" አለኝ ረጋ ብሎ። ለጋሼ ተረጎምኩላቸው። ሐጂ ሰይድም አጠገባችን ቆመው ይሰማሉ።

ጋሼ ሳቁ። "ይሄ ጎረምሳ ነው መኪናዬን የሚነግረኝ? ጭቃ ላይ ስንት ጊዜ ሰንሰለት አስሬያለሁ! መኪና የሚገፋው ከኋላ ነው። ኋላ ነው የሚታሰረው።"

"ጋሼ፣ ይቺ ግን የምትጎተተው በፊት…"

"ደረጀ!" አሉ። "ዛሬ ለማን ጉዳይ ነው የወጣሁት? ለኔ ነው ለአንተ? ሽማግሌህን ልታስተምር ነው ወይስ ሚስት ልታገባ?"

አፌን ዘጋሁ። እኚህ ሰው ተቀይመው ቢመለሱስ? አባቷ ፊት ሄደው አፋቸውን ቢቋጥሩስ? ዳቦ ቤቱ ጋ እንድቀርም አልፈቀዱልኝ። "ወገቤ አይታጠፍም፤ ተራራው ላይ ሰንሰለቱን የሚያስር ሰው ያስፈልጋል። ስንደርስ ጋቢ ለብሰህ መኪናው ውስጥ ትደበቃለህ" አሉኝ። በረዶው መንገዱን ሲሸፍነው ቆምን። ወረድኩ። በዚህ በገዛ እጄ፣ ጣቴ እየደነዘዘ፣ ሁለቱንም ሰንሰለት የኋላ ጎማ ላይ አሰርኩ። ሐጂ ሰይድ በመስኮት አዩኝ።

መጀመሪያ አካባቢ መንገዱ ሜዳ ስለነበር ሄደች። "አየህ?" አሉ ጋሼ። ዳገቱ ሲመጣ የፊት ጎማዋ እንደ ወፍጮ በባዶ ይሽከረከር ጀመር፤ እየተንፏቀቀች በግድ ወጣች። ከዳገቱ አናት መንገዱ ቁልቁል ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ጋሼ መሪውን ወደ ቀኝ አዞሩ። መኪናዋ ቀጥ ብላ ወደ ገደሉ ሄደች። ጋሼ ጭራሽ መሪውን ጠመዘዙት፤ እሷ ምን ቸገራት! "ኧረ በስመ አብ!" ሲሉ ሰማኋቸው። ሐጂ ሰይድ ሸሃዳ እያሉ ነው። አቶ በላይ ነቅተው "ደረስን እንዴ?" አሉ። የመንገዱን ዳር ለማመልከት የተተከለ እንጨት ገጭታ፣ አንድ ግንድ ላይ ተደግፋ ቆመች። ከበሩ ወደ ታች ሳይ መሬት አይታየኝም።

በአንድ በር ተራ በተራ ወጣን። ማንም አልተጎዳም። አምስት ሰዓት ተኩል ነበር። ስድስት ሆነ፣ ሰባት ሆነ። የሚያልፉት መኪኖች ቆም እያሉ "ሰው እንልክላችኋለን" ይሉናል። ጋሼ ዘውዴ በረዶ ላይ ቆመው "ይሄ የጃፓን ጎማ እኮ ነው ጉዱ" ይላሉ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ጎማው! እኔ ሰዓቴን አያለሁ፤ ሰናይት ከእጄ ስታመልጥ በደቂቃ እየቆጠርኩ ነው።

ስምንት ሰዓት ሲል ቢጫ የበረዶ መጥረጊያ ከላይ ወረደ። ብርቱካናማ የሥራ ካፖርት የለበሱ ሰው ዘለው ወረዱ፤ ከካፖርቱ ሥር ነጭ ሸሚዝና ክራቫት ይታያል። ሽማግሌ ሊቀበሉ የለበሱት ነው። አቶ መንገሻ ናቸው።

ቆባቸውን አውልቀው ሦስቱንም ሽማግሌዎች እጅ ነሱ፤ መትረፋቸውን ጠየቁ፣ ፈጣሪን አመሰገኑ። ከዚያ የኋላ ጎማውን አዩ።

"ይሄን ማን አሰረው?"

ጋሼ ዘውዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጁ ነው ያሰረው" አሉ። ልብ በሉልኝ፤ ውሸት አይደለም!

አቶ መንገሻ ወደኔ ዞሩ። ጋቢ ተከናንቤ የምደበቅበት አጥቼ ቆሜያለሁ። "ደረጀ ነህ?"

"አዎ።"

"የሚጎትታት የትኛው ጎማ እንደሆነ አታውቅም ነበር?"

ጋሼን አየኋቸው። ጋሼ ዛፍ ያያሉ። "አላወቅኩም" አልኩ።

አቶ መንገሻ ወደ መጥረጊያቸው ተመለሱ። ከዚያ በሽቦ ገመድ ጎትተው አወጧት፤ ሰንሰለቱን ፈትተው የፊት ጎማ ላይ ራሳቸው አሰሩት። ክራቫታቸው በረዶው ላይ ተነከረ። መኪናዋ ከዚያ ወዲያ እንደ በቅሎ ቀጥ ብላ ወጣች። ሽማግሌዎቹ አቶ መንገሻ ቤት ገብተው የዱባ ሾርባ ጠጡ፣ ነገራቸውን ተናገሩ። እኔ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ጭኮ በላሁ። ሲወጡ "ልጄን ልጠይቃት ብለዋል" አሉኝ። ጋሼ ዘውዴ ሜልቦርን እስክንገባ ያወሩት ከገደል እንዴት እንዳዳኑን ነው።

ረቡዕ ከትምህርት ቤቷ ደጅ ሰናይትን አገኘኋት። አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

"አባቴ እሺ ብሏል" አለችኝ። ላቅፋት ስል እጇን ደረቴ ላይ አደረገች። "ቆይ። ሐጂ ሰይድ ለሶላት ሊታጠቡ ሲወጡ እውነቱን ነግረውታል። ሱቅ ውስጥ ፊት ላይ ነው ስትል ሰምተውሃል። አባቴ 'ሽማግሌውን ላለማሳፈር ነው የዋሸው፤ ጨዋ ልጅ ነው' አለ። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

"ሦስት ሽማግሌ ገደል አፋፍ ድረስ ወሰድክ። እያወቅክ። ጋሼ ዘውዴን ያን ያህል ታከብራቸዋለህ?"

የሚያድነኝ መስሎኝ እውነቱን አወጣሁት። "የምን ማክበር! እንቃቸዋለሁ እንጂ። ድሮም እንቃቸዋለሁ።"

ሰናይት ቦርሳዋን አነሳች። "ብታከብራቸው ይገባኝ ነበር" አለች። "የምትንቀውን ሰው እሺ የምትል ከሆነ፣ እኔን እሺ ስትለኝ በምን አውቃለሁ?"

የፐርዙንም አላገባችም። ነርስ ሆና ሌላ ከተማ ሄደች፤ እዚያ አገባች ሲሉ ሰማሁ።

እኔም አግብቼ ወልጃለሁ፤ አልተበደልኩም። ይህን ታሪክ በየሠርጉ ጋሼ ዘውዴ ላይ ለመሳቅ ስንት ጊዜ እንዳወራሁት! ሰዉ ይስቃል፣ ጋሼ ያፍራሉ መስሎኝ ደስ ይለኛል። እሳቸው ግን አንዴም ሰምተውት አያውቁም፤ እሳቸው ባሉበት አውርቼው አላውቅማ። ባለፈው እሁድ ጓሮ ቆሜ ሳስበው ግን እሳቸው ያመኑበትን ነው የተሳሳቱት። እኔ ያላመንኩበትን በእጄ አሰርኩ፤ ከሁለታችን የሚናቀው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ይህን ሁሉ ዓመት አያስፈልግም ነበር።

ዓምና ጋሼ ዘውዴ ሲያርፉ ቀብራቸው ላይ የሕይወት ታሪካቸውን እንዳነብ ተጠየቅኩ፤ አማርኛ አጥርቶ የሚያነብ ሰው ጠፋ ብለው። ወረቀቱ ላይ "በአሽከርካሪነት ዘመናቸው አንድም ቀን ስሕተት ያልተገኘባቸው" የሚል ተጽፏል። ቀና ስል ሐጂ ሰይድ በከዘራቸው ተደግፈው ከፊት ረድፍ ያዩኛል። ቃል ሳልዘል፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት።