የወንድሜ ልጅ ከችሎት ወንበሯ ተነሳች

ዛሬ የወንድሜ ልጅ የልጄን ጉዳይ አላይም ብላ ከዳኝነት ወንበሯ ተነሳች።

ልጄ የታሰረው በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ሰበታ ላይ ተይዞ ነው። የወንድሜን ልጅ እኛው መርጠን ፓርላማ ልከናት ነበር፤ ኋላ የፌዴራል ዳኛ ሆነች። ችሎት ላይ ሳያት፣ ልጄ ዛሬ ቤቱ ያድራል አልኩ።

«ተከሳሹ የአጎቴ ልጅ ነው» ብላ ወጣች። ጉዳዩን ሌላ ዳኛ እንዲያየው ለሌላ ቀን ተቀጠረ፤ ልጄም ወደ እስር ቤት ተመለሰ።

ሚስቴ «አንተ ሰውዬ፣ ለዚህ ነው የመረጥናት?» አለችኝ።

አዎ፣ ለዚህ ነው። እኔም ሽምግልና ተቀምጬ ዘመዴ ሲከሰስ ቦታዬን እለቃለሁ። በልጅነቷ ታየኝ ነበር። ይህን ያስተማርኳት እኔ እንጂ ፓርላማው አይደለም።

ፊደል አልቆጠርኩም፤ የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት።

እናንተስ፣ ዘመዳችሁ አልፈርድላችሁም ብሏችሁ የኮራችሁበት ቀን አለ? ካለ ጻፉልኝ። ለሚስቴ ይነበብላታል፤ እስካሁን አኩርፋለች።