ቴርሞሜትሩ አርባ አንድ ያለ ቀን

ደሃና ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ክትባት ሰጪ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ቀን ኃላፊያችን ሲስተር የፍሪጁን ቁልፍ ሰጡኝ። «ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ። ጠዋትና ማታ አንብበህ ትመዘግባለህ። ዜሮ ከነካ ፔንታ የሚባለው ክትባት ይበላሻል፤ ለሕፃን አይሰጥም» አሉኝ። ሥራው ይህ ከሆነማ ቀላል ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ሁለት ዓመት ያህል ቀላል ነበር። ከዚያ ቴርሞሜትሩ ተሰበረ፤ ከወረዳው ሌላ ላኩልን፤ በክትባቱ ዋዜማ ማታ ፍሪጁ ውስጥ አስቀመጥኩት። በክትባት ቀን ጠዋት ፍሪጁን ስከፍት አዲሱ ቴርሞሜትር አርባ አንድ ይላል። በአርባ አንድ ሰውም ይቃዣል። እጄን አስገባሁ፤ ይቀዘቅዛል። ዘግቼ ከፈትኩ። ያው አርባ አንድ። ሲስተር ለስብሰባ ሰቆጣ ሄደዋል፤ ውጭ እናቶች ተሰልፈዋል። ግራ ገባኝ።

ሰቆጣ ላለው የፍሪጅ ባለሙያ ደወልኩ። «በፋራናይት የሚያነብ ነው። ሠላሳ ሁለት ቀንስ፣ በአምስት አባዛ፣ ለዘጠኝ አካፍል» አለኝና ኔትወርኩ ተቋረጠ።

እኔና ሂሳብ ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ አንስማማም። ደግሞም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆሜ ጭንቅላቴ አልሠራ አለኝ። የልጅ ልጃቸውን ይዘው የመጡ መሪጌታ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። የአጽዋማቱንና የበዓላቱን ቀን በጣታቸው አንጓ እየቆጠሩ የሚያወጡ ናቸው። ቁጥሩንና ባለሙያው ያለኝን ስሌት ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አንጓቸውን ቆጠሩና «አልቦ። ምንም የለም» አሉኝ።

ዜሮ ማለት ነው። ወጥቼ «ክትባቱ በረዶ ነክቶታል፤ በሚቀጥለው ወር ተመለሱ» አልኩ።

ትርንጎ የምትባል እናት ሦስተኛውን ፔንታ ልታስከትብ ልጇን አዝላ ከንጋት ጀምሮ ስትጓዝ ነው የመጣችው። «ወንድሜ፣ ነገ እኮ ለአጨዳ ወደ ቆላ እንወርዳለን። መቼ እንደምንመለስ እኔ በምን አውቄ?» አለችኝ። «የተበላሸ አልወጋም» አልኳት። ልጇን አስተካክላ አዘለችና ሄደች።

ክትባቱን ልጥል ሳወጣ ግን በረዶ የለበትም። ብልቃጡን ነቀነቅኩት፤ በረዶ ሆኖ የቀለጠ ክትባት ወዲያው ከታች ይዘቅጣል። ይኼ አልዘቀጠም። መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝ ይህን ነበር። ዜሮ ነው፤ ግን በረዶ አልሆነም። አሁን ደግሞ የባሰ ግራ ገባኝና ወደ መሪጌታ ተመለስኩ።

«እንዴት አድርገው ነው ያሰሉት?»

«ሠላሳ ሁለቱን ሳነሳ ዘጠኝ ቀረኝ። በአምስት አርባ አምስት። እሱን ዘጠኝ ዘጠኝ እየቀነስኩ ገደፍኩት፤ ትራፊ የለውም።»

«ስንት ጊዜ ገደፉት?»

«አምስት ጊዜ። እሱን ምን ትፈልገዋለህ? የሚያዘው ትራፊው ነው።»

በእርሳቸው ሂሳብ ልክ ናቸው። በዓል ሲወጣ የሚያዘው የተረፈው ነው፤ ስንት ጊዜ እንደተገደፈ ይጣላል። እኔ የምፈልገው ያንኑ የተጣለውን አምስት ነበር። አምስት ዲግሪ፤ ፍሪጁ ደህና፣ ክትባቱ ደህና። እርሳቸውም ሲገባቸው ደነገጡ። «ለምን እንደምትፈልገው መቼ ነገርከኝ?» አሉኝ። አልነገርኳቸውም።

ሮጬ ወጣሁ። አብዛኞቹ እናቶች ገና በር ላይ ነበሩ፤ መለስኳቸውና ከተብኩ። ትርንጎ አልነበረችም። በማግስቱ ማለዳ የክትባት ሳጥኑን ተሸክሜ መንደሯ ወጣሁ። በሩ በእሾህ ተዘግቷል። ጎረቤቷ «ገና ጎሕ ሲቀድ ወረዱ» አለችኝ። አፍሬ ሳጥኑን እንደተሸከምኩ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ትርንጎ ግን አልተመለሰችም። የልጁ ሦስተኛ ፔንታ በእኔ መዝገብ ላይ አልተሞላም። ሌላ ቦታ ተከትቦ እንደሆነም አላውቅም።

ለአዲስ ክትባት ሰጪዎች የምነግረው ይህን ብቻ ነው፦ ሰው ያሰላላችሁን ቁጥር ተቀብላችሁ እናትን ከመመለሳችሁ በፊት፣ እንዴት እንዳሰላው ጠይቁት።