በምድጃ ዳር የቀለጠው የእሬት ቅባት

የእህቴ ሠርግ በተቃረበበት ሰሞን አሰላ ጉም ውስጥ ነበረች። ጠዋት ጠዋት የጭላሎ ተራራ አይታይም። ወደ ቤተ ሙከራ ስሄድ ባጃጆቹ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ይሉና መልሰው ይጠፋሉ። ቀኑን ሙሉ የማማስለውም ነጭ ፈሳሽ ስለነበር፣ ውጭ ስወጣ ዓለሙ ሁሉ ወተት የፈሰሰበት ይመስለኝ ነበር። በእንቅልፍ ልቤ የምራመድ እየመሰለኝ ነው ያን ሰሞን ያሳለፍኩት።

ሥራዬ የእሬት ጭማቂን ሊፖዞም ውስጥ መክተት ነው። ሊፖዞም በዓይን የማትታይ የስብ ከረጢት ናት፤ ጭማቂውን ሆዷ ውስጥ ይዛ ቆዳ ውስጥ ትገባና እዚያ ቀስ እያለች ትለቀዋለች። እሬቱ ከአቦምሳ በኩል ይመጣልኛል፣ ስቡ ከአኩሪ አተር ነው። እኔ "የጠቆረ ጠባሳ ለማደብዘዝ" እላለሁ፤ ሰፈሩ ግን "የምታቀላዋ ልጅ" ብሎ ስም አወጣልኝ። ስሙ ያበሽቀኝ ነበር። በመንገድ ላይ አስቁመው ጉንጫቸውን የሚያሳዩኝ ሴቶች ግን ያሳዝኑኝ ነበር።

ሙሽራዋ ታናሽ እህቴ ናት። በአባታችን የወጣች፣ ጠይም ዓሣ መሳይ የሚሏት ዓይነት። ለሠርጉ ልፍካ ብላ፣ እኔንም ሳታማክር፣ ከገበያ ስም የለሽ ክሬም ገዝታ ተቀባች። መጀመሪያ ቀላች። ያያት ሁሉ "ማሻአላህ፣ አማረብሽ!" ይላት ጀመር። ከዚያ የጉንጮቿ ቆዳ ሳሳ፤ መሀሉ ነጣ፣ ዳር ዳሩ ጠቆረ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የእሷ ግን የሚለቀምም አልነበረም። "እንዲህ ሆኜ አልዳርም፤ ሽማግሌ ልካችሁ ሠርጉን አስቀሩልኝ" ብላ ጓዳ ገባች።

የቆዳ ሐኪሙ ክሬሙን አስጣላት። የእኔን ቅባት መጀመሪያ ክንዷ ላይ፣ ቀጥሎ የጠቆረው ዳር ላይ ብቻ እንድንሞክር ፈቀደ። የነጣው ይመለስ እንደሆነ ስንጠይቀው ግን "እናያለን" ከማለት አላለፈም። አንድ ብልቃጥ አምጥቼ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩ።

በዚያው ሳምንት የአባቴ እህት ሙሽራዋን ሊንከባከቡ ከበቆጂ መጡ። አዳዳ ነው የምንላቸው። ሙሽራ ፀሐይ ሳያገኛት ቤት ትቀመጣለች፣ አዳዳ ደግሞ ቅቤ ይቀቧታል፤ በእኛ ቤት እንዲህ ነው። ከሰዓት በኋላ ስገባ አዳዳ ከከሰል ምድጃው ዳር ተቀምጠዋል፤ ብልቃጤ እሳቱ አጠገብ ቆሟል። ወተት የመሰለው ነገር ለሁለት ተከፍሎ፣ ቢጫ ዘይት ከላይ ተንሳፍፏል።

"አዳዳ! ምን አደረጉት?"

"ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ በረዶ ሆኖ ነበር'ኮ። በዚህ ብርድ ለሙሽራ ያልሞቀ ነገር ይቀባል? ቀለጠ እንጂ ምን ሆነ?"

መጮህ አምሮኝ ነበር። ግን ምን ብዬ? በበቆጂ ብርድ ቅቤ ከእሳት ዳር ሳይደርስ ሰው ላይ አይደረግም፤ ሙሽራ የቀዘቀዘ መቀባት ለእሳቸው ክፋት ነው። የስንት ጊዜ ልፋቴ፣ ከረጢቱ ሁሉ በሙቀቱ ፈንድቶ፣ የእሬቱ ምሬት ቤቱን ሞልቶት፣ እኔ ሳቄ መጣ። አዳዳም ሳቁ፤ ለምን እንደምንስቅ ግን የገባቸው አይመስለኝም።

እህቴ ሳቃችንን ሰምታ ከጓዳ ወጣች። ብልቃጡን አየችው።

"አይዞሽ፣" አልኳት፣ "ሌላ እሠራለሁ። ለሠርጉ ይደርሳል፤ ጥርት ብለሽ ትፈኪያለሽ።"

ሻሿን ከፊቷ ላይ አነሳች። ያን ሰሞን በብርሃን ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር።

"መፍካት አልፈልግም፣" አለችኝ። "የድሮ መልኬን መልሺልኝ። የአባባን መልክ።"

ቆዳ ቀለሙን እንዳይሠራ መከልከል እችላለሁ፤ የተማርኩት እሱን ነው። የጠፋውን መመለስ ግን በቤተ ሙከራዬ ብልቃጥ ሁሉ ውስጥ የለም። እህቴ ዓይኖቿን ከእጄ ላይ ሳታነሳ መልሴን ትጠብቅ ነበር።