አራት ካንዴላና አራት ቁስለኛ

«ቁስለኞቹን ይዛችሁ ሰቆጣ ግቡ» የሚል ትእዛዝ የደረሰን ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ከጽጽቃ ወጣ ብሎ ካለው ምሽጋችን አራት ሰው ቆስሏል። ሦስቱ ይታገሣሉ። ሃምሳ አለቃ ሲሳይ ግን ሆዱን ነው የተመታው፤ ሐኪሙ «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልገባ አይተርፍም» ብሎናል። ያለችን አንዲት ባለ ቤንዚን አሮጌ ፒካፕ ናት። ከሾፌሩ ጋር ስድስት ሆነን አጀብናት።

እኔ ከመዝመቴ በፊት ሰቆጣ ገበያ ቤንዚን በላስቲክ ጠርሙስ የምቸረችር ሰው ነበርሁ። ለዚህም ነው መቶ አለቃችን የነዳጅ ገዥ ያደረገኝ። ሌባን የሚያውቅ ሌባ ነው ብሎ ይሆናል፤ አልጠየቅሁትም።

ስምንት ሰዓት ላይ ዳገቱ መሐል ደረስን። መኪናዋ እንደ ሰው ሳለች። ጥቁር ጭስ ተፋች። ቆመች። ወዲያው ከማዶው ሸንተረር የብሬን መትረየስ ተከፈተብን። ገፍተን ከአለት ሥር አስጠጋናት። ተኳሹ አያየንም፤ ግን ሰዎች ከሸንተረሩ እየወረዱ ነው። ከእኛ ኪሮስና ደሳለኝ የመንገዱን ጠርዝ ያዙ።

መቶ አለቃው ወደ እኔ ዞረ።

«ነጋዴ፣ ቤንዚኑ ውስጥ ስንት ሊትር ውኃ አለ?»

«ጠብታ የለም፣ አለቃ።»

«ገዥው አንተ፣ መስካሪው አንተ።»

ሾፌሩ ዘመነ «ይደፋና በመጠባበቂያው ጄሪካን እንሞክር» አለ። ጄሪካኑ ሰቆጣ እንደማያደርሰን ሁላችንም እናውቃለን።

«ከደፋችሁት በኋላ ሲሳይን በዚህ ዳገት የሚሸከም ማን ነው?» አልሁ። «መጀመሪያ ካንዴላዋን ልያት። አሥር ደቂቃ።»

መቶ አለቃው ሲሳይን አየ፤ ሰዓቱን አየ። ከዚያ ወደ ጠርዙ «አሥር ደቂቃ ስጡን!» አለ።

ኪሮስ ዞር ሳይል «እንሰጣለን። ብቻ ነጋዴው በደቂቃም እንዳይሸቅብብን» ብሎ መለሰ።

አራቱንም ፈትቼ ኮፈኑ ላይ ደረደርኋቸው። ጣቴ ተቃጠለ። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ሐኪም «ምላስህን አውጣ» እንደሚል ሁሉ የሞተር ምላስ ካንዴላ ናት። ጤነኛ ስትሆን ጫፏ ፈካ ያለ ቡናማ ነው። ሞተሩ ከልክ በላይ ሲግል እንደ ኖራ ትነጣለች። ዘይት ሲያልፍባት ትረጥባለች፣ ታብረቀርቃለች። ቤንዚኑ ውኃ ካለበት ደግሞ እሳቱ ስለማይይዝ እርጥብ ሆና ትወጣለች፤ አትጠቁርም። የእኛዎቹ አራቱም ደረቅ ናቸው። እንደ ድስት ቂጥ ጠቁረዋል፤ ጥላሸቱ በጣት ይለቃል። አንዷ ብቻ ብትጠቁር የዚያ ሲሊንደር በሽታ ነው እል ነበር። አራቱም እኩል ሲጠቁሩ በሽታው የጋራ ነው። ቤንዚን በዝቶባታል፤ አየር አጥሯታል።

የጠቆረ ጣቴን ለመቶ አለቃው አሳየሁት። አላመነኝም፤ አንዷን አንሥቶ ራሱ አሻሸ።

«ታዲያ ማን አነቃት?»

ዘመነ ዓይኑን ወደ አየር ማጣሪያው ጣለ። ያችን መኪና እንደ ልጁ የሚያይ ሰው ነው። የአየር ማጣሪያውን ክዳን ብከፍተው፣ ማጣሪያው በግማሽ ጋቢ ድርብ ተጠቅልሎ ቁጭ ብሏል። ጋቢው አቧራ ጠጥቶ እንደ ጭቃ ደርቋል።

«አቧራው ሞተሯን እንዳይበላት ብዬ ነው» አለ ዘመነ። «ከታች እኮ ደህና ትሄድ ነበር።»

«ከታች አየር ሞልቷል። እዚህ ከፍታ ላይ ለእኛም አልበቃን።»

ሲሳይ ከኋላ፣ ሆዱን እንደያዘ፣ «ጋቢውን ለእኔ ብትሰጠኝ እኔም መኪናዋም ይሻለን ነበር» አለ።

ጋቢውን ገፈን ጣልን። ካንዴላዎቹን በዚያው በተከሰሰው ቤንዚን አጠብሁ፤ በክብሪት ቀፎ ጎን ፈተግሁ። አንድ። ሁለት። ተኩሱ ቀረበ። ሦስት። የደሳለኝ መሣሪያ ዝም አለ። ቀና አላልሁም። አራተኛዋ ጥርሷ ተጣሞ ገባ፤ አውጥቼ እንደገና አሰርኋት።

«ቀስቅስ።»

አንድ ጊዜ ጥቁር ጭስ ሳለችና ድምፅዋ ጠራ። ያን የመሰለ ድምፅ ከዚያ በኋላ አልሰማሁም። ዘመነ «ያለ ጋቢ አቧራው ይገባባታል» ሲለኝ፣ «ትብላው፤ ዛሬ ጾም አይደለም» አልሁት።

ከተኩሱ ለመውጣት የሚቀረን አንድ ገላጣ የመንገድ እጥፋት ነው። ኪሮስ «ሂዱ፤ እሷን ስታልፉ እመጣለሁ» አለና ተኩሱን አበዛ። በሁለተኛ ማርሽ፣ ጥይት ከኋላችን ድንጋይ እየፈለጠ፣ እጥፋቷን አለፍን። ከሸንተረሩ የወረደ አንድም ሰው መንገዱን አልረገጠም። አሥር ሰዓት ሳይሞላ ጡሩምባችንን እያስጮኽን ሰቆጣ ገባን። ዘመነ እጁን ከጡሩምባው ላይ ሊያነሣ አልቻለም፤ መቶ አለቃውም «በቃ» አላለውም። ሐኪሞቹ ሲሳይን ሲቀበሉት እየተሳደበ ነበር። ያን ጊዜ እንደሚተርፍ አወቅሁ። ዛሬ ጋዝጊብላ ያርሳል፤ የሞተር ሳይክሉን ካንዴላ እንዳጸዳለት ይዞልኝ ሲመጣ ግን አሁንም በዋጋ ይከራከረኛል።

አራት ቁስለኛ ይዘን ተነሣን፤ አራቱንም በሕይወት አስገባን። ከስድስታችን ሁለት ጎደልን፤ ደሳለኝና ኪሮስ። ማምሻውን ረዳት ጦር ሄዶ የሁለቱንም አስከሬን አመጣልን። ስለ ድል ሲወራ ስሰማ እኔ የማውቀው ይህንን ያህል ነው።

ለቅሶው ላይ የኪሮስ አባት አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «መኪናዋ ደረሰች?» አሉኝ።

«ደርሳለች፣ አባቴ። የእርስዎ ልጅ ነው ያደረሳት።»

«እንግዲያስ ደግ» አሉና ጎናቸው ለመጣው ለቀስተኛ ቦታ እንድለቅ በእጃቸው አመለከቱኝ።