የጉብታው ንጉሥ

ትናንት የልጅ ልጄ የሌለ አገር ካርታ ሥላ አመጣችልኝ። ወንዙ ሐምራዊ ነው፤ ከተማው ደመና ላይ ተቀምጧል፤ ከወረቀቱ ጥግ ደግሞ የተደበቀ የንጉሥ መቃብር ያለባት አንዲት ጉብታ አለች። «ለማንም እንዳትነግሪ እሺ» ብላ በጆሮዬ አንሾካሾከችልኝ። የከለሩ ሽታ አፍንጫዬ ላይ እንዳለ ሳቄ አመለጠኝ፤ ያችን ጉብታ በደንብ አውቃታለሁና።

ያለችው ከነገሌ ቦረና ወጣ ብሎ፣ ወደ ፊልቱ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። በጃንሆይ ዘመን አባቴ የሕንፃ ሥራ ተቆጣጣሪ ሆኖ ከሸዋ ወደዚያ ሲዛወር እኔ ገና የወተት ጥርሴ አልወለቀም ነበር። እናቴ በቀዩ አቧራና በሙቀቱ ስትማረር፣ እኔ ከጎረቤታችን ልጅ ከዳኪ ጋር አንድ ሙሉ መንግሥት አቋቁሜ አረፍኩት። ከሰው ቁመት በላይ የቆሙት ኩይሳዎች ዘበኞቻችን ነበሩ፤ ሰው ባዩ ቁጥር በርግገው የሚሮጡት ሚዳቋዎች ደግሞ መልእክተኞቻችን። ጉብታዋ አናት ላይ ያለው የድንጋይ ክምር ግን ጨዋታ አልነበረም። ዳኪ እዚያ አንድ የጥንት አባ ገዳ እንደተቀበረ ነገረችኝ፤ እኔም የሸዋ ሰው ልጅ ነኝና ወዲያው አነገሥኩት። በዚያ የሚያልፍ ቦረና ሁሉ ከመንገዱ ወጣ ይልና ሰላም ብሎት አንድ ድንጋይ ወይም እርጥብ ቅጠል ያኖርለታል። እኛም እናኖርለት ነበር። ክምሩ ከእኔ ፈጥኖ ያድጋል፤ ለማያውቅ እንግዳ ግን ያው ተራ የድንጋይ ክምር ነው።

አባቴም አያውቅም ነበር። አንድ ቀን ለምሳ ሲገባ ፊቱ በርቷል። ለትምህርት ቤታችን አጥር የሚሆን ድንጋይ ማግኘቱን፣ ለቃሚ እንኳ እንደማያስፈልገው፣ የአገሩ ሰው ራሱ ከምሮ እንዳስቀመጠለት፣ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪናዋም የመጀመሪያውን ጭነት ትምህርት ቤቱ ግቢ እንዳራገፈች ለእናቴ አወራላት። ድንጋዩን ከየት እንዳነሳው ወዲያው ገባኝ።

«አባባ፣ ንጉሡ እኮ እዚያ ነው ያለው!»

«ቦረና ንጉሥ የለውም» አለኝ። ልክ ነበር። እኔ ግን ንጉሤ ፈራርሶ በጭቃ ሲለሰን ታየኝና እዚያው ማዕዱ ላይ ለቅሶዬን ለቀቅኩት። ከሁሉም የፈራሁት ነገ ዳኪን በምን ዓይኔ እንደማያት ነበር።

ሳልጨርስ የዳኪ አያት አባ ጂሎ ደጃችን ቆሙ። አባቴ ወንበር አቀረበላቸው። ቦረና ጉዳዩን ከሰላምታው አያስቀድምም። «ናጋ? ሎን ናጋ? ኢጆሌን ናጋ?» ብለው ስለ እኛ ደህንነት፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ ጠየቁ። ከብት የሚባል አልነበረንም፤ አባቴ «ዶሮዎቹ ደህና ናቸው» እያለ መለሰ። እኔ በበሩ ቀዳዳ እያየሁ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። በመጨረሻ እንዲህ አሉ፦

«ጌታው፣ ድንጋይ ቢፈልጉ አገሩ ሞልቷል። ያንን ግን ሰው ሁሉ ሰላም እያለ ነው ያኖረው። አባቴ ያኖረውም አለበት።»

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳይሳለም የማያልፍ ሰው ነው። ባርኔጣውን አነሳና መኪናዋ እንደገና እንድትጭን ሊያዝ ወጣ። እኔና ዳኪም ተከትለን ጉብታው ሥር ስንደርስ ሾፌሩ ሊያራግፍ ሲል አባ ጂሎ ከለከሉት፤ እያንዳንዱ ድንጋይ በእጅ፣ ከነሰላምታው ነው የሚቀመጠው። አባቴ ኮቱን አወለቀ። መጀመሪያ አፍሮ ድንጋዩን ብቻ ያኖር ነበር፤ ቆይቶ ግን «ናጋ… ናጋ» ማለት ጀመረ፣ በዚያ በሸዋ ምላሱ። አባ ጂሎ ግራሩ ጥላ ሥር ተቀምጠው ጥርሳቸው እስኪታይ ይስቃሉ። ዳኪ ከባድ ከባዱን እየመረጠች ታሸክመኛለች፤ በዚያ ይቅር እንዳለችኝ ገባኝ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ክምሩ ቦታው ላይ ነበር፤ እናቴ ያን ማታ የአባቴን መዳፍ ቅቤ ስትቀባ አመሸች።

ትምህርት ቤታችን በእሾህ ታጠረ፤ ፍየሎቹም እየገቡ አብረውን ተማሩ። አባቴ ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ ሲሄድ መኪና ሳያስቆም አያልፍም። ሾፌሮቹ ያጉረመርማሉ፤ እሱ ድንጋዩን ይዞ ሽቅብ ይወጣል።

ዳኪ ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም። ብትኖር እንደ እኔው አሮጊት ናት። አባቴ ያረፈው እዚህ አዲስ አበባ ነው፤ መቃብሩ በእብነ በረድ ተሸፍኗል፣ አምሮበታል። በሄድኩ ቁጥር ከመንገድ ዳር አንድ ድንጋይ አንስቼ፣ ናጋ ብዬ፣ አናቱ ላይ አኖርለታለሁ። የመቃብሩ ጠባቂ ንጽሕና የሚወድ ሰው ነው፤ ጠርጎ ይጥለዋል። በሚቀጥለው ስሄድ ሌላ አኖራለሁ፤ እሱም ይጠርጋል። አልተጣላንም። ነገሌ ቢሆን ኖሮ ግን አባቴ ይኼኔ ጉብታ አክሎ ነበር።