የመሀሉ ወንበር

እኔ የጀመርኩትን መጨረስ አይሆንልኝም። ሹራብ ጀመርኩ፣ ተውኩ፤ ዶቃ መሰካት ጀመርኩ፣ እሱንም ተውኩ። የእህቴ ልጅ ሄለን፣ "አክስቴ፣ ከስዕል ክላሱም ጥለሽ ከወጣሽ ሁለተኛ ሬጂስተር አላደርግሽም!" ብላ ፍራንክሊንተን የሚባለው ሰፈር፣ ስዕል ቤቱ በር ላይ አድርሳኝ ሄደች። በኮሮና ምክንያት ሁላችንም ገና ማስክ የምናደርግበት ጊዜ ነው።

ስገባ ሰው ሁሉ በርጩማ ላይ ክብ ሠርቶ ተቀምጧል። መሀል ላይ ትራስ ያለው ወንበር ባዶውን ቆሟል። ለትልቅ ሰው የተተወ መስሎኝ፣ የተነሣልኝ ባይኖርም "ኧረ በእግዜር፣ አትነሡ!" እያልኩ ዘፍ አልኩበት።

ወዲያው ሁሉም እኔን እያዩ መሳል ጀመሩ! አንዱማ እርሳሱን ወደ አፍንጫዬ ቀስሮ አንድ ዓይኑን ጨፈነብኝ። ምን አድርጌው ነው? ልነሣ ስል አስተማሪዋ፣ "ዶንት ሙቭ! ቢዩቲፉል!" አለችኝ። ደርቄ ቀረሁ። ታዲያ እኔ መቼ ነው የምስለው? የሄለን ነገር ባይዘኝ በበሩ በወጣሁ።

በዚህ መሀል አንድ ጋዋን የለበሰ ወጠምሻ "ሶሪ፣ ሶሪ!" እያለ እየሮጠ ገባ። ለካ የሚሳለው ሰው እሱ ኖሯል፤ ወንበሩም የእሱ! አስተማሪዋ ሳቋን እየዋጠች አስነሣችኝና እርሳስ አስይዛ ፊት ለፊቱ አስቀመጠችኝ። ተመስገን፣ አሁን ልጀምር ነው ስል ሰውየው ጋዋኑን ጣል አደረገው።

ወገኖቼ፣ ከማስኩ በቀር አንድ ክር የለበትም!