በርበሬ የተጫነችው አህያ

በጎጃም ምድር ከእኔ የተሻለ የመምህራን መምህር አልተፈጠረም። አንድ ቀን ስለ አሳታፊ የማስተማር ዘዴ ሳብራራ፣ በመስኮት በኩል ይታይ የነበረ በሬ ማመንዠኩን አቁሞ ራሱን በአዎንታ ነቅንቋል። ይህን ያህል ነበርኩ፤ ገምጋሚዎቹ እስኪመጡ ድረስ።

የምሠራው ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ነበር። ዘመኑ ሰው ሁሉ አንድ ለአምስት የሚደራጅበት፣ ከምሳ ይልቅ ስብሰባ የሚበዛበት ነው። የዕውቅና ፈቃዳችን ሊታደስ ገምጋሚዎች ይመጣሉ ተባለ። ካልታደሰ የዚያ ዓመት ተመራቂዎች ዲፕሎማ ዋጋ አይኖረውም። ለዝግጅቱ ስለ ግብዓት፣ ስለ ሂደት፣ ስለ ውጤት ሦስት ቀን ተሰበሰብን። አንገቴ እስኪቆለመም ራሴን ነቀነቅሁ እንጂ የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም ዛሬም አልገባኝም።

የኔ ድርሻ የተግባር ልምምዱ ነበር። ሠልጣኞች በየትምህርት ቤቱ ሄደው ሲያስተምሩ የገጠማቸውንና የተማሩበትን የሚጽፉበት ፖርትፎሊዮ የሚሉት አቃፊ አለ። ሃያ ሰባቱን አቃፊ በሽፋን ቀለማቸው ደረደርኳቸው። ማንበብ ግን አላነበብኳቸውም።

የገምጋሚዎቹ መሪ መነጽራቸውን በክር ያንጠለጠሉ፣ ድምፃቸው ለስለስ ያለ ሴት ዶክተር ናቸው። አንዱን አቃፊ ከፍተው ጮክ ብለው አነበቡ።

«የቡሬ ገበያ ቀን ነበር። ሦስተኛ ክፍል ሒሳብ ሳስተምር በርበሬ የተጫነች ግራጫ አህያ ክፍል ገባች። ተማሪዎቹን ሁሉ አስነጠሳቸው። እኔም ሳልደናገጥ አህያዋን የመቁጠሪያ መርጃ መሣሪያ አደረግኋት።»

«ግሩም ነው» አሉኝ። «በአካባቢ ባለ ነገር ማስተማር ማለት ይኼ ነው።»

«እኛ ጋ የተለመደ ነው፣ ዶክተር» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ሁለተኛውን ከፈቱ፤ አህያ ገባች። ሦስተኛውን ከፈቱ፤ ገባች፣ በርበሬዋንም አላራገፈችም። አምስተኛው ላይ መነጽራቸውን አወለቁ።

«መምህር፣ ይህች አህያ ስንት ትምህርት ቤት ነው የምትሠራው?»

እኔም ግራ ገባኝ። ታሪኩን የማውቀው ይመስለኛል፤ ግን እንደ ሕልም ልይዘው ስል ያመልጠኛል። «የገበያ ቀን እኮ መንገዱን አህያ ያጥለቀልቀዋል» አልኩ። ድምፄን ራሴም አላመንኩትም።

«እንግዲያው እንያት» አሉና አቃፊዎቹን ይዘን ልምምድ ወደሚደረግበት አንድ የገጠር ትምህርት ቤት በመኪና ወጣን። ርዕሰ መምህሩ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ናቸው። ስለ አህያዋ ሲጠየቁ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ዶክተሯን፣ ቀጥሎ ዳገቱን አዩ።

«አንቱ፣ የገበያው መንገድ ያ በታች የሚታየው ነው። የተጫነች አህያ ይቅርና፣ ባዶ እጁን የሚሄደው የወረዳ ሱፐርቫይዘርም እዚህ ወጥቶ አያውቅም።»

ልምምድ ላይ የነበረች ሠልጣኝ ከክፍል ተጠራች። የሰከላ ልጅ ናት፤ እጇ ገና ጠመኔ እንደሆነ መጣች። ዶክተሯ አቃፊዋን ዘርግተው አህያዋን አሳዩዋት።

«መምህር ለናሙና የሰጡንን ተከትለን ነው» አለች፣ መሬት መሬት እያየች። «ቀኑን፣ የክፍሉን ቁጥር፣ ሁሉን በየራሳችን ቀይረናል። አህያዋ ግን የፎርማቱ አካል መሰለችን። ብናወጣት ነጥብ ያስቀንስብናል ብለን ፈራን።»

የዚያን ጊዜ ሁሉም መጣልኝ፤ ለናሙና የሰጠኋቸው የራሴን አቃፊ ነበር። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ ባልየው እኔው ነበርኩ።

«አንቺስ የገጠመሽ ነገር የለም?» አሏት ዶክተሯ።

«አለ። አንድ ልጅ ሰሌዳ ላይ እንዲጽፍ ባወጣው አለቀሰብኝ። ለምን እንዳለቀሰ ሳላውቅ ደወል ተደወለ። ጽፌው ነበር፤ አህያ ስለሌለበት ቀደድኩት።»

ዶክተሯ አቃፊውን ዘጉ። «እሱን መልሰሽ ጻፊው» አሏትና ወደኔ ዞሩ። «እርስዎስ፣ አህያዋ የገባችብዎ የት ትምህርት ቤት ሳሉ ነው?»

ግሽ ዓባይ ልል አፌን ከፈትኩ። ማን ሄዶ ያጣራል? ግን ልጅቱ ጠመኔዋን በጣቶቿ እየፈረፈረች ቆማለች። ዲፕሎማዋ የተንጠለጠለው አንድ ገበያ ቀን ላይ፣ ያውም እኔ በፈጠርኩት ገበያ ቀን ላይ ነው።

«የትም፣ ዶክተር» አልኩ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ልጆቹ የታዘዙትን ነው ያደረጉት።»

ሠልጣኞቹ የየራሳቸውን እንዲጽፉ ሁለት ሳምንት ተሰጣቸው፤ ጻፉም፣ ተመረቁም። ፈቃዱ ታደሰ፣ ግን አሠልጣኞቹ አንድ መንፈቅ ታች ትምህርት ቤት ወርደው ልጆች እንዲያስተምሩ በሚል ግዴታ። ከዝርዝሩ አናት ላይ የሰፈረው የኔ ስም ነው።

አህያዋን የወለድኳት ቀደም ብሎ የራሴን ፖርትፎሊዮ እንዳሟላ ስታዘዝ፣ ሻይ ቤት ተቀምጬ ነው። የምጽፈው ስለሌለኝ ነበር። የአንደኛ ደረጃ መምህራንን ዘጠኝ ዓመት ያሠለጠንኩ ሰው፣ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብቼ አንዲት ክፍለ ጊዜ እንኳ አስተምሬ አላውቅም ነበር።